ትርንጎ ባሕር ተሻግራ የምትዳርበት ምክንያት

ለልጄ አባት፣ ለሞገስ፤

ከተለየኸኝ ሰባት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። እንደምን ሰነበትክ ብዬ አልጠይቅህም፤ ያንን የሚያውቀው ሌላ ነው። እኔ ግን ያለሁበትን ልንገርህ ብዬ ይኸው ደብተርና እስክሪብቶ ይዤ በረንዳው ላይ ተቀምጫለሁ። በሕይወት ሳለህ አንቱ ነበር የምልህ። ሠላሳ ስምንት ዓመት አንቱ ስልህ ኖሬ ዛሬ አንተ ብልህ ቅር አይበልህ። የምጠይቅህ ነገር አለ፤ አንቱ እያልኩ ደፍሬ ልጠይቅህ አልችልም።

ጽሕፈቱ የራሴ ነው፤ ማንም አልጻፈልኝም። መቼም አንተ ስትሞት ፊደል የማልለይ ሴት ነበርኩ። አርባህ በወጣ ማግሥት ታናሽ ወንድምህ ካሳ አንድ ወረቀት ይዞ መጣ። «እትዬ፣ የወንድሜን ስም ከእድሩ መዝገብ ወደ እርስዎ ለማዛወር ነው፤ እዚህች ላይ ጣትዎን ያኑሩልኝ» አለኝ። አኖርኩለት። ቀለሙን ከአውራ ጣቴ ላይ በራሱ ጋቢ ጫፍ ጠረገልኝ፤ እንዲያ ያለ ደግ ሰው። ሰኔ ሲገባ ደሃና ሄጄ የመስኖ ማሳችንን ላሳርስ ስል የእርሱ በሬዎች ገብተውበት አገኘሁ። ወረቀቱ የእድር አልነበረም። ማሳዬን ለካሳ በስጦታ ሰጥቻለሁ ይል ነበር። ሽማግሌ ሁለት ጊዜ ተቀመጠ፤ ወረቀቱን ያገላብጡና ዝም ይላሉ፣ ያገላብጡና ዝም ይላሉ። የሰው ፊት ከማይ ራሱን ወረቀቱን ልየው ብዬ የጎልማሶች ትምህርት ገባሁ። አስተማሪዬ የልጃችን የትርንጎ እኩያ ናት። የወረቀቱን ግልባጭ በጉያዬ ይዤ እየተመላለስኩ ፊደል በፊደል አነበብኩት። «በገዛ ፈቃዴ» ይላል። እነዚያን ሁለት ቃላት ለማንበብ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። ከዚያ ወዲህ ያላነበብኩትን አላምንም፤ ያነበብኩትንም ቶሎ አላምንም።

የቤቱን ነገር ልንገርህ። የግቢው ካብ በምሥራቅ በኩል ተደርምሶ ነበር፤ መንገዱ ሁሉ በተዘጋበት በዚያ ክፉ ጊዜ ሠራተኛ አላገኘሁምና ድንጋዩን ራሴ ካብኩት። ጠማማ ነው፣ ግን ቆሟል። ጥቁሯ ላም ሞተች። ያንተን አልጋ ከመስኮቱ ሥር አንስቼ ጓዳ አስገባሁት፤ ጠዋት ስነሳ ዓይኔ እዚያ ላይ እያረፈ አስቸገረኝ። ጎረቤታችን አለሚቱ እንደ ድሮዋ ናት፤ አፏ አላረጀም።

ትልቁ ወሬ ግን ትርንጎ ልታገባ ነው። አንድያ ልጃችን፣ ሠላሳ ዓመቷን ጨርሳ፣ አታገባም ብዬ ተስፋ ከቆረጥኩ በኋላ። ልጁ ናሆም ይባላል። አዲስ አበባ ነው የሚኖረው፤ ሥራው ፎቶ ማንሳት ነው፤ የሰው ሠርግ እየዞረ ያነሳል። በደንቡ ሽማግሌ ላከ። ሰባት ቤት ተቆጠረ፤ ዘመዶቹ ከወዲያ ከሸዋ ናቸው፣ ደማችን የትም አይገናኝም። እዚህ ድረስ ቅር ያለኝ ነገር አልነበረም። ከዚያ ግን ትርንጎ ከአዲስ አበባ ደውላ «እማ፣ ሠርጉ ሰቆጣ አይደለም» አለችኝ። አዲስ አበባ ይሆናል ብዬ ለራሴ ነግሬ ነበርና «ይሁን» አልኳት። «አዲስ አበባም አይደለም፣ እማ። ቁርባናችንን እዚህ ቤተ ክርስቲያን እንቆርብና ድግሱ ግን ባሕር ማዶ ነው። ደሴት ላይ።»

ለአለሚቱ ስነግራት እጇን በጉልበቷ ላይ መታች። «ደሴት ካማራት እዚሁ ዋግ ዝቋላ አትወርድም እንዴ! ተከዜ ከተገደበ ወዲህ ኮረብታው ሁሉ ደሴት ሆኖ የለም ወይ? ጽጽቃ ላይ ዳስ ትጣልና ዓሣውን እኛው እንጠብስላታለን!» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። እቤቴ ስገባ ግን ሳቁ ጥሎኝ ሄደና ሌላ ነገር ገባብኝ። ሰው ዘመዱን ሸሽቶ የሚዳረው ምን ቢደብቅ ነው? ልጁ ሌላ ቦታ ሚስት ይኖረው ይሆን አልኩ። ትርንጎ አርግዛ ይሆን አልኩ። ቢሆን ባልከፋኝ፤ በዚህ ዕድሜዋ እልል ነበር የምለው። መጨረሻ ላይ ከሁሉም የሚያመኝ መጣ። ልጄ አፍራብኝ ይሆናል። አዲስ አበባ ጓደኞቿ ፊት የኔን ጠርዙ የተሰነጠቀ ጫማና ኽምጣንጋ ቋንቋችን የተቀላቀለበት አማርኛዬን ማምጣት ፈርታ ይሆናል።

ከፋሲካ በኋላ ሁለቱም መጡ፤ ቦታውን አብረን እንምረጥ ብለው። እኔን ለማስፈቀድ መሆኑ ነው። ናሆም ረጅም፣ ዝግ ያለ ልጅ ነው፤ የካሜራ ቦርሳውን ከትከሻው አያወርድም። ጎንበስ ብሎ ሳመኝ፤ «እማማ» ይለኛል፤ እጅ ላስታጥብህ ስለው ይነሳል። ጨዋ ነው። ጨዋነቱም አስጠረጠረኝ፤ ካሳም ጨዋ ነበር።

ላፕቶፑን ከፍተው መሃላቸው አስቀመጡኝ። ሦስት ቦታ መርጠዋል። የመጀመሪያው ማልዲቭ የሚሉት ነው፤ ቤቶቹ ባሕሩ ላይ በእንጨት እግር ቆመዋል። «የአገሩ ሰዎችስ የት ነው የሚኖሩት?» ብዬ ጠየቅሁ። «ይሄ እኮ ሪዞርት ነው እማማ፤ እንግዳ ብቻ ነው የሚያርፍበት» አለኝ ናሆም። «ሽማግሌ የለም? መቃብር የለም?» ትርንጎ ሳቀች። እኔ ግን የምሬን ነው፤ ሰው የማይሞትበት አገር የለምና ሟቾቻቸውን የት እንደሚያደርጉ ማወቅ ፈልጌ ነው። ደግሞ በየፎቶው አሸዋው ላይ አንድ የእግር ዱካ የለም። አንተ ዱካ የሌለበት መሬት አይተህ ታውቃለህ? ስጠይቀው ናሆም አፈር ብሎ «ጠዋት ጠዋት ሠራተኞች በመጥረጊያ ያስተካክሉታል» አለ። ዱካ የሚጠፋበት ቦታ ማለት ነው። ለትርንጎ በዓይኔ ነገርኳት፤ ዓይኗን ወደ ጣሪያ አደረገች።

ሁለተኛው ሲሸልስ ነው። ትልልቅ ልሙጥ ድንጋይ ባሕሩ ዳር እንደተኛ ከብት ተጋድሟል። ናሆም ስለ ብርሃኑ ያወራል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ድንጋዩ ላይ ምን ዓይነት ወርቅ እንደሚሆን፣ የሙሽራዋ ቬሎ እንዴት እንደሚያበራ። «ድንጋይ ለማየት ከዋግ መውጣት ምን ያስፈልጋል?» አልኩት። እርሱም ሳቀ፤ ሳቁ ግን የእውነት ነበር፣ ያን አልክድም። በርካሽ ያስተናግዱናል ስላሉኝ ለምን እንደሆነ ስጠይቅ ደግሞ ሳይደብቅ ነገረኝ፤ ባለቤቶቹ የሠርጉን ፎቶ ወስደው ድረ ገጻቸው ላይ ሊያወጡት ነው። «እንግዲያ ልጄን የምታገባት ለማስታወቂያ ነዋ?» አልኩት። ጆሮው ድረስ ቀላ። «እማ!» ብላ ትርንጎ በክርኗ ጎኔን ጎሰመችኝ።

ያን ጊዜ የእኛን ሠርግ አስታወስኩ። ደሃና፣ አባትህ ግቢ፣ ዝናቡ ያለ ወቅቱ ወርዶ ዳሱን ሊጥለው ሲል ሽማግሌዎቹ ምርቃቱን አናቋርጥም አሉ። አንተ በአንድ እጅህ የዳሱን ምሰሶ፣ በሌላው እኔን ይዘህ ቆምክ፤ ምሰሶውን በወዲያ በኩል የያዘው ካሳ ነበር። የአባትህን ጉልበት ስስም የራሰ ጋቢ ፊቴ ላይ ተለጠፈ። ከዚያ ቀን አንድም ፎቶ የለንም። ግን እስከ ዛሬ ደሃና ብሄድ ያን ዝናብ የሚነግረኝ ሰው አላጣም። እኔና አንተ ስንጣላ ያስታረቁን እዚያ ዳስ ውስጥ የራሱት ሰዎች ናቸው። ትርንጎና ናሆም ነገ ቢጣሉ ማን ያስታርቃቸዋል? አሸዋ የሚጠርጉት ሠራተኞች?

እናም አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኋቸው። እዚያ የሚደረገውን ሁሉ በአማርኛ ጽፋችሁ ስጡኝ፤ ሳላነብ አልመርቅም አልኩ። ናሆም የፎቶውን ቅደም ተከተል በሁለት ገጽ ጽፎ ሰጠኝ። ካቡ ጥግ ተቀምጬ ሁለት ቀን አነበብኩት። ሙሽሪት ስትለብስ ይላል። የሙሽሪት ጫማ ለብቻው። ቀለበቶቹ በዛጎል ላይ። ሙሽሮች በባሕሩ ዳር ሲሄዱ። ሙሽሮች በጀልባ። ሚዜዎች ሲዘሉ። ፀሐይ ስትጠልቅ። እስከ መጨረሻው ሄድኩና ያመለጠኝ መስመር ይኖራል ብዬ ከላይ ጀመርኩ፤ እኔ መቼም ቀስ ብዬ ነው የማነበው፣ የሚያመልጠኝ ነገር የለም። ጉልበት መሳም የሚል የትም የለም። እዚህ ሰቆጣ ያሉት ፎቶ አንሺዎች ሌላው ሁሉ ቢያመልጣቸው ሙሽሮቹ የወላጆቻቸውን ጉልበት ሲስሙ አያመልጣቸውም። ለጫማዋ አንድ መስመር ተሰጥቶ ለእናቷ አንድ ቃል ጠፋ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ናሆም ከተማውን ሊያነሳ ወጣ አለ። ትርንጎ ፀጉሯን እየፈታች ነበር። ወረቀቱን ጭኗ ላይ አኖርኩላት። «ጫማሽ እዚህ አለ። እኔ የት ነኝ?» አልኳት። ፀጉሯን መፍታቱን አቆመች። «አፍረሽብኝ ከሆነ በአፍሽ ንገሪኝ። እዚሁ እቀራለሁ። ምርቃቴም ከእኔ ጋር ይቀራል።»

ታለቅሳለች ብዬ ነበር። ተቆጣች፤ ቁጣዋ የኔው ነው፣ ታውቀዋለህ። «የማንን ጉልበት እንድስም ነው የምትፈልጊው?» አለችኝ። የኔን ነዋ አልኳት። «ከአንቺ ጎንስ? አባባ በሌለበት ከአንቺ ጎን የሚቀመጠው ማን ነው?»

አንተም ደንቡን ታውቀዋለህ፤ አባት ከሌለ የአባት ወንድም ነው የሚቀመጠው። «እዚህ ብዳር አጎቴ ካሳ ነጭ ለብሶ ከሁሉ ቀድሞ ይመጣል» አለች። «ዘመድ ሁሉ ተነስቶ ተቀመጥ ይለዋል። አንቺም ከጎኑ አፍሽን ይዘሽ ትቀመጫለሽ። እኔ ያንን ጉልበት አልስምም፣ እማ። አልስምም ብል ደግሞ ሠርጉ ጠብ ነው የሚሆነው። ስለዚህ ማንም አውቶቡስ ተሳፍሮ የማይደርስበት ቦታ ፈለግሁ። ጉልበት መሳሙን ከዝርዝሩ ያወጣሁትም እኔ ነኝ፤ ናሆም አንደኛ መስመር ላይ ነበር የጻፈው። ከአንቺ ጎን ያለው ባዶ ቦታ ፎቶ ላይ እንዲወጣ አልፈለግሁም።»

ፀጉሯን ይዤ መጎንጎን ጀመርኩ። ሰባት ዓመት ሙሉ ሰዉን ሁሉ ስጠረጥር ስኖር ልጄ ስለ እኔ ታስብ ይሆናል ብዬ አንድ ቀን እንኳ አልጠረጠርኩም።

ናሆም ሲመለስ ሦስተኛውን ቦታ አሳየኝ አልኩት። ዛንዚባር ነው። ሊያሳየኝ ብዙም አልፈለገም፤ እንደ ሌሎቹ ያማረ አይደለም፣ ውሃው በቀን ሁለት ጊዜ ርቆ ይሄድና ባዶ ጭቃ ይታያል አለ። ፎቶዎቹን ሲያሳልፍ በአንዱ ጥግ ላይ ሴቶች አየሁና «ቁም» አልኩት። እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ውሃ ውስጥ ገብተው አጎንብሰው በረድፍ ይሠራሉ፤ መቀነታቸውን ጠበቅ አድርገዋል። «እነዚያ የባሕር ሣር የሚያለሙ ሴቶች ናቸው እማማ፤ ይተክሉታል፣ ያርሙታል፣ ያጭዱታል። እዚያ የሰው ሠርግ ሳነሳ ከሙሽሮቹ ጀርባ ገቡብኝና ፎቶውን ልሰርዘው ነበር» አለኝ። ሞገስ፣ ገብስ እንደሚያርሙ ሴቶች ናቸው። አንደኛዋ ከእኔ ትበልጣለች፤ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቀና ብላ ካሜራውን ታየዋለች፣ ምን ልትወስድብኝ ነው የመጣኸው የምትለው ትመስላለች። «ይኸኛው ነው» አልኩ። ውሃው ሄዶ የሚመለስ ከሆነም ደግ ነው፤ ከሥሩ ያለውን እናያለን።

ልጆቹ ከሄዱ ሳምንት ሳይሞላ ካሳ መጣ። ወሬው ደርሶታል። በግ እየጎተተ ነው የመጣው፤ ለወንድሜ ልጅ ሠርግ ብሎ። ተቀመጠ፤ ዱላውን ጉልበቱ ላይ አጋደመ። «እትዬ፣ ደሴት የሚሉት ምንድን ነው? አባቷ ባይኖር እኔ አለሁላት። እዚሁ በወግ በማዕረጉ እድራታለሁ» አለ። ሰባት ዓመት ያዘጋጀሁት ብዙ ንግግር ነበረኝ። አንዱም አልመጣልኝም። «ካሳ» አልኩት፣ «ልጅቷ ባሕር የምትሻገረው ያንተን ጉልበት ላለመሳም ነው።»

ፊቱ በኀፍረት ሲጠቁር አየሁት። እንዲያ የሚሆንበትን ቀን ስመኝ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ ሲሆን ግን እንዳሰብኩት አልጣፈጠኝም። ቀና ሳይል «ያዘዘኝ ወንድሜ ነው» አለ። «‹ትርንጎ ተምራ ከተማ ገብታለች፤ እናቷ መሬቱን ለባዕድ ትሰጠዋለች፤ አንተ ያዘው› ብሎኛል። ለእርስዎ መንገሩን አፍሮ ነው የተወው። እኔም የሟች ነውር ከማወጣ የኔ ይሁን ብዬ ቻልኩት።» ተነስቶ ወጣ። በጉን አልወሰደም። እስካሁን ግቢ ውስጥ ታስሯል፤ ላርደውም አልፈለግሁ፣ ልመልሰውም አልፈለግሁ፤ ጠዋት ጠዋት ሣር እሰጠዋለሁ።

እንግዲህ የምጠይቅህ ይህን ነው። ካሳ አንድ ጊዜ አታሎኛል፤ ሁለተኛ ቢያታልለኝ አይደንቅም። ለሞተ ሰው ማላከክ ቀላል ነው፤ ሟች አይከራከርም። እንዲህ ብዬ ልተወው እልና ያ የመጨረሻው ሳምንት ይመጣብኛል። ካሳ ሊጠይቅህ በመጣ ቁጥር ጸበል አምጪልኝ ብለህ ትልከኝ ነበር። አንድ ጊዜ ጥም ነው። ሁለት ጊዜስ? ሁለተኛው ቀን ስመለስ ጸበሉ በማሰሮው ሞልቶ ነበር፤ የመጀመሪያውን አልጠጣኸውም። ያን ጊዜ ሕመሙ ነው ብዬ አለፍኩት። አሁን ሳስበው ማሰሮው ይታየኛል፣ አንተም ፊትህን ወደ ግድግዳ ማዞርህ ይታየኛል። ሞገስ፣ ታውቅ ነበር? ሠላሳ ስምንት ዓመት አብሬህ አርሼ፣ አጭጄ፣ ሦስት ልጅ ቀብሬ አንዷን አሳድጌ፣ ለባዕድ የምሰጥ መሰልኩህ?

ለትርንጎ አልነገርኳትም። ለፓስፖርቴ ልትወስደኝ ተመልሳ መጥታ ደሴ ድረስ ስንሄድ አውቶቡስ ውስጥ ሁለት ጊዜ አፌ ላይ መጥቶ ዋጥሁት። ደሴ ላይ ደግሞ ጣትሽን መስታወት ላይ አኑሪ ተባልኩ። ያለውን ሳላነብ አላኖርም አልኩ። ጸሐፊዋ ትዕግሥተኛ ናት፤ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችልኝ፣ ስሜን፣ የአባቴን ስም፣ የትውልድ ቦታዬን እያነበብኩ ሳለ ከኋላዬ የተሰለፈ ጎልማሳ «እማማ፣ ዳዊት እየደገሙ ነው እንዴ?» አለና ሰልፉን ሁሉ አሳቀብኝ። «ዳዊት ቢሆን ሳላነብ አምነው ነበር» ብዬው ጨረስኩና አሥሩንም ጣቴን አኖርኩ።

ትናንት ናሆም ደወለ። ትርንጎ ጉልበት መሳሙን ወደ ዝርዝሩ መልሳዋለች። ባሕሩ ዳር፣ ውሃው ሲመለስ፣ ሴቶቹ ሥራቸውን ጨርሰው በሚያልፉበት ሰዓት ይሆናል አለ። «እማማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ ወንበር አንድ ነው ወይስ ሁለት? ትርንጎ አባቷ ወንበር እንዲኖረው ትፈልጋለች። እርስዎን ሳልጠይቅ አልወስንም።» ነገ ማታ እነግርሃለሁ አልኩት። ከዚያ ወዲህ ነው ይህን ደብተር የያዝኩት።

አንድ ብል ልጅቷ ለምን ትላለች። ለምን ብትል ልነግራት ነው፤ ብነግራት ደግሞ አባቷን ሁለተኛ ጊዜ ትቀብረዋለች፣ ያውም ያወራው ካሳ ሆኖ። ሁለት ብል ልጄ፣ አውቄ ያልጨረስኩት ሰው ወንበር ፊት ትንበረከካለች፤ እኔም ከጎኑ እቀመጣለሁ። ቀኑን ሙሉ ሳገላብጠው ዋልኩ። ጥርጣሬዬ የኔ ነው፤ በአርባህ ማግሥት የመጣብኝ፣ እየተማርኩ ያሳደግሁት። ትርንጎ ግን ትከሻህ ላይ አድርገህ ተከዜን ያሻገርካት ልጅ ናት፤ አንተ ለእርሷ ያ ነህ። ያንን ልቀማት አልችልም።

ስለዚህ ሁለት እላለሁ። ወንበርህ ይቀመጣል። ትርንጎ መጀመሪያ የኔን ጉልበት ትስማለች፤ ከዚያ ወዳንተ ትዞርና ባዶውን ወንበር ትሳለማለች፤ ናሆምም ያነሳል። እኔ ያን ጊዜ ምን እንደማስብ እርሷ አታውቅም፣ ካሜራውም አያወጣውም። አንተ ታውቀዋለህ። ደግነትህን ብቻ መርጬ አላስታውስህም፤ እንዲያ ካደረግሁ የማስታውሰው ሌላ ሰው ይሆናል። ምርቃቱን በሁለታችን ስም አደርሳለሁ፤ ስምህን ስጠራ ድምፄ አይንቀጠቀጥም። ይቅር ብዬህ እንዳይመስልህ። እስክንገናኝ ከጎንህ መቀመጤን አልተውም፤ ስንገናኝ ግን ከሰላምታ በፊት መልሱን እፈልጋለሁ።

የትርንጎ እናት፣ ብርቄ
ሰቆጣ